የሊፍቴ ኩርፊያ

«አንቺ ድመት፣ ሻዩ ፔርሙዙ ውስጥ ነው፤ ዳቦውም ተቆርጧል በይው» አለች መጋረጃ ሰፊዋ ጫማዋን እያሰረች። መኝታ ቤት ድረስ እንዲሰማ ድምጿን ከፍ አድርጋለች። ድመቷ ሶፋው ላይ ተጠቅልላ ተኝታለች፤ ጆሮዋን እንኳ አላነቃነቀችም። በዚያ ቤት ግን ድመቷ ሰማች አልሰማች ብሎ የሚጨነቅ የለም። ባልና ሚስቱ ሲኳረፉ የሚነጋገሩት በእሷ በኩል ነው። ደንቡን ማን እንዳወጣው አይታወቅም፣ ሁለቱም ግን አክብረው ይዘውታል፤ ፊት ለፊት ቀድሞ የተናገረ ተሸነፈ ማለት ነው፣ በድመቷ በኩል የተናገረ ግን እንዳልተናገረ ይቆጠራል። እውነቱን ለመናገር ከሰላሙ ጊዜ ይልቅ በኩርፊያው ጊዜ ወሬ ይበዛ ነበር። «ድመት፣ ይቺ ሴትዮ ጨው የሚባል ነገር መፈጠሩን ሰምታለች?» ይላል እሱ ከጠረጴዛው ጫፍ። «ድመቴ፣ ደም ግፊት ያለበት ሰው ስለ ጨው ምን አገባው በይልኝ» ትላለች እሷ ከኩሽና። ከዚያ አንዳቸው ሳት ብሏቸው ይስቃሉ፤ መሳቅ ደግሞ ከመናገር እኩል ነው፣ ኩርፊያውም እዚያው ላይ ያልቃል። አብዛኛውን ጊዜ ቀድማ የምትስቀው እሷ ናት።

ዛሬ ግን ከመኝታ ቤት መልስ አልመጣም። ትናንትም አልመጣም ነበር። ሊፍቴ መጋረጃውን ጥርቅም አድርጎ ዘግቶ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው መልሶ ተኝቷል። ሰፈርተኛው ሁሉ «ሊፍቴ» የሚለው ዕድሜውን ሙሉ የፎቅ ሊፍት ሲጠግን ስለኖረ ነው፤ ሚስቱም ደስ ሲላት የምትጠራው በዚሁ ስም ነው፣ ስትናደድ ደግሞ «ሰውዬው» ትለዋለች። ይሄን ሰሞን ሰውዬው ነው። እንዲህ ያለ ኩርፊያ አይታበት አታውቅም። ትናንት ጠዋት ሸሚዙን ሲቆልፍ ቁልፎቹን በጣቱ እየዳበሰ ነበር፣ ዝቅ ብሎ አላያቸውም። ማታ ሾርባ አቀረበችለት፤ ለመታወቂያ ፎቶ እንደሚነሳ ሰው ፊት ለፊቱን ግድግዳውን እያየ ትንሽ ቀማመሰና ተወው። በአጠገቡ ስታልፍ ዞር ብሎ አላያትም። መስኮቱን ማየት ሲፈልግ እንኳ ከነወንበሩ ነው የዞረው። መብራት ስታበራ ትራሱን አንስቶ ፊቱ ላይ ጫነው። «ወይ መኮፈስ! እኔን ላለማየት ትራስ?» አለች በልቧ። ነገሩ አንገበገባት፣ ሾርባውንም መልሳ ድስቱ ውስጥ ገለበጠችው።

የኩርፊያው መነሻ ሆስፒታሉ ነው። ሊፍቴ ከዓመታት በፊት ሥራ ላይ እያለ ከሊፍት ጣሪያ ወድቆ ወገቡን ተመታ፤ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሕመሙ እንደ ደባል አብሯቸው ይኖራል። ያልዋጠው ክኒን፣ ያላሰረው ቀበቶ፣ ያልተቀባው ቅባት የለም። ሌሊት ሲገላበጥ አልጋው ይንጫጫል፣ እሷም አብራ ትነቃለች፣ ውሃ አሙቃ በላስቲክ ትይዝለታለች። በመጨረሻ ትልቁ ሆስፒታል ውስጥ፣ ለዓመታት አልለቅ ያለ ሕመም ላይ ጥናት የሚያደርጉ ሐኪሞች አገኙ። ሐኪሞቹ አከርካሪ አጠገብ የሚወጋ አዲስ መድኃኒት ይሞክራሉ፤ ግማሹ ሰው አዲሱን ይወጋል፣ ግማሹ የቆየውን፣ ማን የትኛውን እንደተወጋ ታካሚውም ሐኪሙም አያውቁም። ከዚያ በየቀጠሮው «ሕመምዎ ከዜሮ እስከ አስር ስንት ነው?» ተብሎ ይጠየቃል።

ጉዱ እዚህ ላይ ነው። ቤት ውስጥ ሲያቃስት የሚያድረው ሰውዬ የሆስፒታሉን ደጃፍ ሲረግጥ ሌላ ሰው ይሆናል። ጢሙን ተላጭቶ፣ ሸሚዙን አስተኩሶ፣ ሽቶ ቢጤም ጣል አድርጎ ነው የሚሄደው። ጥናቱን የምትመራው ዶክተር ገና ልጅ ናት፤ ቀጭን፣ ሁልጊዜ እንቅልፍ ያነሳት የምትመስል። «አባባ» ብላ ነው የምትጠራው። ወንበር በገዛ እጇ ትስብለታለች፣ የሆስፒታሉ ሊፍት ለምን እንደሚንቀጠቀጥ ትጠይቀዋለች፣ ሲያስረዳትም ከልቧ ትሰማዋለች። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ስለ ሊፍት የጠየቀው ሰው አልነበረም። እሱም ታዲያ ቁጥሩን እንደ ከረሜላ ነበር የሚሰጣት። «ሁለት ነው፣ የኔ ልጅ። እንዲያውም አንድ ተኩል በይው» ይላታል። ዶክተሯ ደስ ይላታል፣ እሱም እሷ ደስ ሲላት ደስ ብሎት ይመለሳል፤ ቤት ሲደርስ ጫማውን እንኳ ማውለቅ ያቅተዋል።

ባለፈው ቀጠሮ ሚስቱ አብራው ገባች። ሌሊቱን እሱ ሲያቃስት፣ እሷም ቁጭ ብላ አድረው፣ ዓይኗ ደም መስሏል። «ሁለት» ሲል ሰማችውና አላስቻላትም። «ውሸቱን ነው ዶክተር! እሱ ዘንድ ሁለት ማለት ስምንት ነው። አንቺ እንዳይከፋሽ ብሎ ነው» አለች። ዶክተሯ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። የሊፍቴ ፊት ተለዋወጠ፤ በኮሪደሩም፣ በአውቶቡሱም አንድ ቃል አልወጣውም። ቤት ሲገቡ ለድመቷ፣ «ሰው ፊት ዋሾ ከሚያደርገኝ ሰው ጋር ወሬ የለኝም በያት» አላት። ለኩርፊያ መክፈቻ የተናገረው ይኸው ነው። መጋረጃ ሰፊዋም «ሞቼ ልገኝ እንጂ በዚህችስ ቀድሜ አልናገርም» ብላ ማለች። እውነት ተናግራ ይቅርታ የምትጠይቅበት ምክንያት አልታያትም። ቢያንስ እስከ እሑድ፣ ካስፈለገም ከዚያ ወዲያ፣ ለድመቷ እንጂ ለእሱ ትንፍሽ ላትል ቆርጣለች።

የሚኖሩት አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ሕንፃው ደግሞ ሊፍት የለውም። ሰፈርተኛው ከዚህ የተሻለ ቀልድ አላገኘም፤ ስንት ዓመት ሙሉ በዚሁ ይስቃል። አንደኛ ፎቅ ላይ የሊፍቴ ታላቅ እህት ትኖራለች፣ ሁሉም «እትዬ» ነው የሚሏት። መጋረጃ ሰፊዋ ወደ ሥራ ስትወርድ ደጃፏን ስትጠርግ አገኘቻት።

«አሁንም?» አለች እትዬ መጥረጊያዋን ተደግፋ።

«አሁንም።»

«ተይው፣ ሲርበው ይናገራል። እኔ ነኝ ያሳደግኩት፣ አውቀዋለሁ። ሕፃን ሆኖ ሲያኮርፍ አልጋ ስር ገብቶ ይውል ነበር።»

«አሁንም ቦርጩ ባይዘው ይገባ ነበር» አለች መጋረጃ ሰፊዋ። ሁለቱም ሳቁ። እየሳቀች ወረደች፤ መንገድ ላይ ስትደርስ ግን ይህን ቀልድ ለእሱ ብትነግረው እንዴት እንደሚስቅ አሰበችና ከፋት። አውቶቡሱ እስኪመጣ ቆማ ከራሷ ጋር ተከራከረች። «ደሞ እኔው ልክፋ?» አለች ጮክ ብላ፣ አጠገቧ የቆመች ሴት ዞር ብላ እስክታያት ድረስ።

የመጋረጃው ቤት ከአንድ የገበያ ሕንፃ ደረጃ ስር ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ሁለት የስፌት መኪና፣ አንድ ረጅም የመቁረጫ ጠረጴዛ አላት፤ ግድግዳው እስከ ጣሪያ በጥቅል ጨርቅ ተሞልቷል። ሰው ደረጃውን ሲወጣና ሲወርድ ኮቴው ከራሳቸው በላይ ይንኳኳል፤ ማን ቸኩሎ እንደሚሄድ፣ ማን እግሩን እንደሚጎትት እያወቁ ነው የሚውሉት። አብራት የምትሠራው ቆራጯ ረጅም፣ ድምፀ ጎርናና፣ ደንበኛን እያሳቀች የምትሸጥ ሴት ናት። ጠዋት አንዲት አዲስ ቤት የገባች ወጣት መጥታ ስሱን ጨርቅ ጠየቀች፤ የስሱን ዋጋ ስትሰማ ወፍራሙን ጠየቀች፣ የወፍራሙን ስትሰማ እንደገና ወደ ስሱ ተመለሰች። «እህቴ፣ መስኮትሽ የሚያየው ወዴት ነው?» አለቻት ቆራጯ። «ወደ ጎረቤት ሳሎን» አለች ወጣቷ። «እንግዲያው ወፍራሙን ውሰጂ፣ ባልሽን ከጎረቤት ትደብቂበታለሽ።» ወጣቷ ሳቀች፣ ካለፈው ወር ወዲህ ይህን ያህል ጨመረ ብላ ትንሽ ተነጫነጨች፣ መጨረሻ ላይ ወፍራሙን አስለካች።

መጋረጃ ሰፊዋ መኪናዋን እየነዳች ሐሳቧ ቤት ነበር። አንድ ነገር ገርሟታል። ሰውዬውን ጠዋት ማታ ታየዋለች፣ አንድ አልጋ ላይ ነው የሚተኙት፣ ግን ናፍቋታል። ምኑ እንደናፈቃት መጀመሪያ አልገባትም፤ በኋላ ወሬው መሆኑን አወቀች። ስለማያውቀው ነገር እርግጠኛ ሆኖ ማውራቱ፣ ዜና ከሚያነበው ሰውዬ ጋር መከራከሩ፣ መነጽሩ ግንባሩ ላይ ተቀምጦ «መነጽሬን ማን ወሰደው?» ብሎ ቤቱን ሁሉ መወንጀሉ። ይሄ ሁሉ ሲኖር ያሰለቻት ነበር። አሁን ቤቱ ጭር ብሎባታል።

«አላስቻለሽም አይደል?» አለቻት ቆራጯ፣ ጨርቁን እያጠፈች።

«ምኑ?»

«ዛሬ ማታ ቀድመሽ ልትናገሪው ነው። ፊትሽ ያሳብቃል።»

«ሞቼ ነው!» አለች መጋረጃ ሰፊዋ፣ መኪናዋንም አስነስታ ሌላ ወሬ እንዳይሰማ አደረገችው።

ስልኳ የጠራው ምሳ በልተው ወደ ሥራ እንደተመለሱ ነው። ጨርቅ ክምር ስር ስለነበር አንዴ ጠርቶ ተቋረጠ፣ እንደገና ሲጠራ አገኘችው። ድምፁን አወቀችው። ከሕመሙ ጥናት በየሳምንቱ እየደወለች የምትጠይቃቸው ሲስተር ናት።

«የአባባ ስልክ አልነሳ ብሎን ነው» አለች ሲስተር። «ከትናንት ጀምሮ እየሞከርን ነው።»

«አኩርፎ ነው ባክሽ» አለች መጋረጃ ሰፊዋ እየሳቀች። «እሱ ሲያኮርፍ ስልኩንም ያኮርፋል። ያን ቀን እናንተ ፊት አሳጣሁት፣ ዶክተሯ አልነገረችሽም?»

ሲስተር አልሳቀችም። «ጥቂት ነገር ልጠይቅዎት። ራሳቸውን ያማቸዋል?»

«እኔ በምን አውቄ! ለድመቷ እንኳ መናገር ትቷል።»

«ምግብስ ይበላሉ?»

«ከኔ እጅ? የት ተደርጎ! ቀመስ አድርጎ ይተወዋል፣ ያው እልህ ነው።»

«ብርሃን ይረብሻቸዋል?»

«መጋረጃ ዘግቶ ነው የሚውለው። መብራት ሳበራ ደግሞ ትራሱን ፊቱ ላይ ይጭናል፣ እኔን ላለማየት እኮ ነው...» አለችና ሳቁ ከአፏ ጠፋ።

«አንገታቸውን እንደ ልብ ያዞራሉ?» አለች ሲስተር። «አገጫቸውን ደረታቸው ላይ ማድረስ ይችላሉ?»

ለመጋረጃ ሰፊዋ ሰውዬው ግድግዳ እያየ ሾርባ ሲጠጣ ታያት። ከነወንበሩ ሲዞር ታያት። የሸሚዙን ቁልፎች በጣቱ ሲዳብስ፣ እሷም ከበሩ ላይ ቆማ በልቧ ስታሾፍበት ታያት። የያዘችው ጨርቅ መሬት ወደቀ፣ አላነሳችውም። ቆራጯ መቀሷን እንደያዘች ቀና ብላ አየቻት።

«ሲስተር፣ ምንድን ነው የምትጠይቂኝ?» አለች፤ ድምጿ የራሷ አልመስል አላት።

ሲስተር ረጋ ብላ ነገረቻት። በዚሁ ጥናት በታቀፈ ሌላ ሆስፒታል፣ ያንኑ መርፌ የተወጉ ሁለት ሰዎች ታመዋል። መድኃኒቱ ሲመረመር ከአንድ ካርቶን የወጡ ብልቃጦች ውስጥ ሻጋታ ተገኝቷል፤ ዳቦ ላይ እንደሚወጣው ያለ፣ ግን በዓይን የማይታይ። በአከርካሪ በኩል ከገባ ወደ ላይ ወጥቶ የአንጎልን ሽፋን ይይዛል። «ማጅራት ገትር ሲባል ሰምተዋል አይደል? የሱ ዓይነት ነው፤ ይሄኛው ግን እምብዛም የማይገጥም ነው፣ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። መጀመሪያ ላይ ሰውየው ደክሞት ወይ ከፍቶት ነው የሚመስለው።» ከዚያ፣ «አሁኑኑ ያምጧቸው። ለነገ አይበሉት» አለቻት።

«በሞትኩት!» አለች መጋረጃ ሰፊዋ። ሌላ የተናገረችውን አታስታውስም። ቆራጯ ቦርሳዋን አንገቷ ላይ አጥልቃላት፣ ክንዷን ይዛ እስከ ታክሲው ወሰደቻት፣ ለሹፌሩም «በናትህ ፍጠንላት» አለችው። መንገዱ ዝግትግት ያለ ነበር። አውቶቡስ፣ ጋሪ፣ ቀይ መብራት፣ መንገድ መሃል ቆሞ የሚከራከር ሰው፤ ሁሉም ያን ቀን ሆን ብሎ የወጣባት መሰላት። «እኔ ኩርፊያ ነው ብዬ! እሱ እየሞተብኝ እኔ ከድመት ጋር!» አለች። ሹፌሩ በመስታወቱ አያትና ሬዲዮኑን ቀነሰላት። ለእትዬ ደወለች፤ ወጥታ በሩን እንድታንኳኳ ነገረቻት። እትዬ እስከ አራተኛ ፎቅ እያለከለከች ስትወጣ፣ ከዚያ በሩን በመዳፏ ስትደበድብ፣ «አንተ! ክፈት! እኔ ነኝ!» ስትል በስልኩ ውስጥ ይሰማታል። ከውስጥ የሚመልስ ሰው ድምፅ ግን አልተሰማም። ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደለጠፈች ዓይኗን ጨፈነች፤ እንደዚያን ቀን ፈርታ አታውቅም።

ደረጃውን እንዴት እንደወጣችው እሷም አታውቅም። እትዬ በሩ ላይ ተለጥፋ እያለቀሰች ነው። መጋረጃ ሰፊዋ ቁልፏን አውጥታ በሩን ከፈተች። መኝታ ቤቱ ጨለማ ነው፣ አየሩ ታፍኗል፣ ከአልጋው ስር የማስታወኪያ ሳፋ ተቀምጧል። ይህን ሳፋ ጠዋት አላየችውም ነበር። ሊፍቴ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጉልበቱን አጥፎ ተኝቷል። ፊቱ ላይ ጎንበስ አለችና በሁለት እጇ ያዘችው፤ ይፋጃል።

«ሊፍቴ! እኔ ነኝ። ይኸው ተናገርኩህ። ተሸንፌያለሁ፣ ሰማኸኝ? ተሸንፌያለሁ፤ ዓይንህን ግለጥ!»

አንድ ዓይኑን ገለጠ። ለረጅም ጊዜ አያትና፣ «በሩን መለስ አድርጊው፣ ብርሃኑ» አለ።

«ራስህን ያምሃል?»

«ትንሽ።»

«አንተ ሰው፣ ዛሬ እንኳ አትዋሸኝ! ስንት ነው? ቁጥር ንገረኝ!»

«ከአስር በላይ አለ እንዴ?» አለ ሊፍቴ። ሊስቅ ፈልጎ ነበር፣ ፊቱ ግን እሺ አላለውም።

በእግሩ መውረድ አልቻለም። የሕንፃው ዘበኛ ተጠርቶ መጣ፤ የኩሽናውን ወንበር አምጥተው አስቀመጡት፣ ዘበኛው ከፊት፣ ሁለቱ ሴቶች ከኋላ ይዘው ደረጃ በደረጃ አወረዱት። ጎረቤት ሁሉ በሩን ከፍቶ ያያል። በየመታጠፊያው ወንበሩ ሲንገጫገጭ ሊፍቴ ጥርሱን ይነክሳል። ሁለተኛ ፎቅ ሲደርሱ ዓይኑን እንደጨፈነ፣ «ቀስ በሉ፣ ፍሬን የላችሁም» አለ። ዘበኛው ሳቀ፣ እትዬ እያለቀሰች ሳቀች። መጋረጃ ሰፊዋ መሳቅ አልሆነላትም። አፍንጫዋን ፀጉሩ ውስጥ ቀብራ «ልሙትልህ፣ ልሙትልህ» ትላለች፣ ማንም አልሰማትም እንጂ።

ዶክተሯ ተሽከርካሪ ወንበር ይዛ የሆስፒታሉ በር ላይ ቆማ ነበር የጠበቀቻቸው። ወዲያው ወሰዱት። ራሱን በማሽን ፎቶ አነሱት፣ ደም ቀዱለት፣ ከዚያ በጎኑ አስተኝተው ጉልበቱን ወደ ሆዱ እንዲያጥፍ አድርገው ከጀርባው ፈሳሽ ሊቀዱ በሩን ዘጉ። መርፌው ሲገባ እንዳይንቀሳቀስ ዶክተሯ «አይዞዎት አባባ» ስትል፣ እሱ ደግሞ «አንቺ አይዞሽ፣ የኔ ልጅ» ሲላት ከውጭ ተሰማ። ሁለቱ ሴቶች ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። አንድ ሰው ወለል ይወለውላል፣ የመድኃኒት ጋሪ ያልፋል፣ ስም ይጠራል፤ የሚጠራው ግን የሌላ ሰው ነው። አንዴ እትዬ «ሲርበው ይናገራል አልኩሽ» አለች። መጋረጃ ሰፊዋ እጇን ዘርግታ የእትዬን ጉልበት ነካ አደረገች።

ሲመሻሽ ዶክተሯ ወጣች። ዓይኗ ቀልቷል። መጋረጃ ሰፊዋ ተነሳችና የጠየቀችው ስለ ውጤቱ አልነበረም፤ አፏ ቀደማት።

«እናንተ ናችሁ የወጋችሁት» አለቻት። «ወገቤን ያድኑልኛል ብሎ፣ አምኖ ጀርባውን ሰጣችሁ። ለብሶ፣ ሽቶ ተቀብቶ ነበር እኮ የሚመጣላችሁ! ሻጋታ ወጋችሁት?»

«እኔ ነኝ የወጋኋቸው» አለች ዶክተሯ። «ብልቃጡ ንጹሕ ነበር የሚመስለው፤ ይህን ግን ሰበብ አድርጌ አልነግርዎትም። መርፌው በመላው ጥናቱ ቆሟል፣ የተወጋውን ሰው ሁሉ እየጠራን ነው።» ከዚያ የሆነውን አስረዳቻት። ከጀርባው የተቀዳው ፈሳሽ ደህና አይደለም። የሻጋታውን ዓይነት ለይቶ ለማወቅ ቀናት ይፈጃል፣ እነሱ ግን አልጠበቁም፣ መድኃኒቱን ጀምረውለታል። ለወራት የሚወሰድ፣ የሚያንቀጠቅጥ፣ የሚያቅለሸልሽ ከባድ መድኃኒት ነው። «ግን በጊዜ ደርሰዋል። ይድናሉ ብዬ አስባለሁ» አለች።

«በጊዜ ማለት?»

«ጥቂት ቀን ቢዘገዩ ኖሮ እንዲህ አልልዎትም ነበር።» ዶክተሯ ጨመረች፤ «ለቤተሰብ እንድንደውል ያደረጉን እርስዎ ነዎት። ያን ቀን ከወጡ በኋላ፣ ደህና ነኝ የሚለንን ሰው ሁሉ ሚስቱን ወይ ልጁን እንድንጠይቅ ተስማማን።»

መጋረጃ ሰፊዋ ምስጋናው አልተሰማትም። እሑድ ድረስ ብላ የማለችው ነው ጆሮዋ ላይ ያለው። ቁጭ አለች፣ ከዚያ ዶክተሯ አሁንም ፊቷ እንደ ተማሪ እንደቆመች አየችና እጇን ስባ አጠገቧ አስቀመጠቻት። «በልተሻል ዛሬ?» አለቻት። ዶክተሯ አልበላሁም ብላ ራሷን ነቀነቀች፣ እንባዋም መጣ። እትዬ ከቦርሳዋ ዳቦ አወጣች።

ሊፍቴ የተኛበት ክፍል መብራቱ ደብዝዟል። ክንዱ ላይ ግሉኮስ ተሰክቷል። ከአልጋው በስተቀኝ ስትቀመጥ ድምጿን ሰምቶ ሊዞር ሞከረና ፊቱ ጭምድድ አለ። «ተው አትዙር!» አለችው። ወንበሯን አንስታ በሌላው በኩል፣ ዓይኑ ባለበት በኩል ዞራ ተቀመጠች። ለተወሰነ ጊዜ ተያዩ። ከቀጠሮው ቀን ወዲህ እንዲህ ፊት ለፊት አልተያዩም ነበር።

«ለምንድን ነው ያልነገርከኝ?»

«አኩርፈሽ ነበራ።»

«እኔ? አንተ ነህ እንጂ ያኮረፍከው!»

«እኔንማ በማግስቱ ለቆኝ ነበር» አለ። ድምፁ ሰልሏል። «ከዚያ ወዲያ ያለው ራስ ምታቱ ነው። መጀመሪያ ያልፋል አልኩ። ኋላ ሲብስ፣ ትናገረኝና እነግራታለሁ እያልኩ ስጠብቅሽ ነበር። በሩን በከፈትሽ ቁጥር፣ አሁን ትናገረኛለች እላለሁ። አንቺ ከድመቷ ጋር ታወሪያለሽ።»

እሷ በእሱ ላይ ስትኮራ፣ እሱ እሷን ሲጠብቅ፣ አንድ ግድግዳ ብቻ ለያይቷቸው ሰነበቱ። «ብትሞትስ ኖሮ?» አለችው።

«እሱን አላሰብኩትም» አለ ሊፍቴ፤ እውነቱን እንደሆነ ያስታውቃል።

ያን ጊዜ አለቀሰች። በኮሪደሩም፣ በታክሲውም ያልወጣው ሁሉ ወጣ። እሱ ማቀፍ አይችልም፣ ግሉኮስ የሌለበትን እጁን አልጋው ላይ እየጎተተ እጇን ፈልጎ ያዘ።

«ተናደድሽብኝ?»

«በጣም ነው የተናደድኩብህ!»

«ተናደጂ» አለ። «የፈለግሽውን ያህል ተቆጪኝ። ዝም ብቻ አትበይኝ።»

እሷም ጀመረች። ከተጋቡበት ሳምንት ነው የጀመረችው፤ ለእንግዶች በምትሰናዳበት ቀን ቤቱን በሙሉ የሊፍት ብሎን ያጥለቀለቀበትን፣ እናቷ ስትታመም አውቶቡስ አሳስቶ ሌላ ሰፈር የወሰዳትን፣ ቀይ ሸሚዙን ከነጭ ልብሷ ጋር ያጠበውን። እያንዳንዱን አንስታ ተቆጣችው። ሲስተር በሩን ከፍታ ሌሎች ታማሚዎች እንዳሉ በእጇ አሳየቻት፤ ድምጿን ቀነሰች እንጂ አላቆመችም። ሊፍቴ ዓይኑ እየተከደነ «እሺ... እሺ... እውነትሽን ነው» ይላል። ቀስ በቀስ «እሺ»ው ቀረ፣ እጇን የያዘው እጁም ላላ። ደንግጣ ጎንበስ ብላ አየችው። ደረቱ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ወደ አፉ ጆሮዋን አስጠግታ ትንፋሹን ሰማችው። እንቅልፍ ነው የወሰደው። ብርድ ልብሱን እስከ ትከሻው ሳበችለት፣ ወንበሯን ወደ አልጋው አስጠጋች፣ እንዳይነቃባትም በሹክሹክታ፣ ካቆመችበት ቀጠለች።